በደቻቱ ግራና ቀኝ

እኛ በባሌ ደጋ ያደግን ሰዎች ወንዝ ሲባል በዐይነ ኅሊናችን የሚታየን ውሃ ነው። ጎባን ታክኮ የሚወርደው ቶጎና፣ የሮቤ ጎረቤት የሆነው ሻያ፣ እነዚህን ተቀብሎ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው ወይብ፣ ደግሞም ከሐረና ደን ወደ አንገቱ በኩል የሚወርዱት ጅረቶች በበጋ ይቀንሱ እንደ ሆነ እንጂ ስማቸውን ብቻ አስቀርተው ሲጠፉ አላየንም። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመንግሥት ሥራ ወደ ድሬዳዋ በተላክን ጊዜ፣ የምንፈልገው ቤት ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መሆኑ ተነግሮን ወንዙን ፍለጋ ብዙ ከተንከራተትን በኋላ፣ ለካ የቆምንበት ስፍራ ራሱ ወንዙ ኖሯል። ከእግራችን በታች ያለው አሸዋ ነበር። በአሸዋው ላይ ግመሎች ተንበርክከዋል፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ሴቶች ጆንያ ዘርግተው ይሸጣሉ። መንገድ ያሳየን ሰው በእኛ ስቆ ሄደ፤ እኛም ከማፈራችን በቀር የምንመልሰው አልነበረንም።

ሰው በወንዝ ዳር የሚሰፍረው ውሃውን ሽቶ እንደ ሆነ ተማሪ ሳለን ተምረናል። የድሬዳዋ ሰፋሪዎች ግን ወደዚያ የሳባቸው ውሃው ሳይሆን የባቡሩ ሐዲድ ነው። ወንዙ ለእነርሱ ከመጠጥነት ይልቅ ወሰን ሆኖ ኖረ። በስተምዕራብ ከዚራ፣ በስተምሥራቅ መጋላ ተመሠረቱ፤ ሁለቱንም ያቀኑአቸው ከሩቅም ከቅርብም የመጡ እንግዶች ናቸው። ይሁን እንጂ ስለዚህች ከተማ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው ከዚራን በየገጹ ሲያገኝ መጋላን የሚያገኘው አልፎ አልፎ፣ ያውም በገበያነቱ ብቻ ነው። ይህ ሚዛን የተዛባ ይመስለናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ዳርና ዳር፣ ከዚያም ይልቅ በመካከላቸው ያለውን አሸዋ፣ ለአንባቢ ልናስተዋውቅ አስበናል።

በመጀመሪያ ስለ አገሩ አቀማመጥ እንናገር። ድሬዳዋ የሐረርጌ ደጋ ወደ ሰሜን ተቈርጦ በሚወርድበት በተራራው ግርጌ፣ የዒሳና የአፋር በረሓ በሚጀምርበት ሜዳ ላይ ትገኛለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ሲሆን፣ ከበላይዋ ያለው የደንገጎ ተራራና የሐረርጌ ደጋ ግን ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በመኪና የሚሄድ ሰው ወደ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ቆላውን ትቶ ደጋ ይገባል፤ ጠዋት ከላብ ጋር የወጣ ተጓዥ ከቀትር በፊት ካፖርት ሊያምረው ይችላል። ደቻቱም ከዚሁ ደጋ የሚነሣ ነው። ዝናብ በበልግና በክረምት ጥቂት ሳምንታት በተራራው ላይ ሲጥል ውሃው በቁልቁለቱ ተንደርድሮ ይወርዳል፤ ከተማይቱን በመካከል ሰንጥቆ ያልፍና ባሕር ሳይደርስ በበረሓው አሸዋ ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። ከዚህ የተነሣ ደቻቱ ውሃ በሚሞላበት ሰዓት በድሬዳዋ ሰማይ ላይ ደመና ላይኖር ይችላል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ወንዙ ከላይ ቢደርቅም ከታች አልደረቀም። ደጋው ያጠጣው መሬት ውሃውን በውስጡ አሳልፎ በሜዳው ሥር ያከማቸዋል፤ ከተማይቱም ከሳቢያን በኩል ከተቈፈሩት ጥልቅ ጕድጓዶች እየተሳበላት ትጠጣለች። እንግዲህ የድሬዳዋ ሰው የሚረግጠው ደረቅ ወንዝ የሚጠጣው ውሃ ወንድም ነው ማለት ይቻላል።

ከከተማው በስተደቡብ፣ ከደቻቱ ሸለቆ በላይ ባለው ገደል ላይ አንድ ዋሻ አለ። በ1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው የሃይማኖት ሰውና የምድር ሊቅ ቴያር ደ ሻርደን ከአገሩ ሰው ከሄንሪ ደ ሞንፍሬ ጋር ሆኖ ጐበኘው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ደግሞ ቈፋሮ ተደርጎ የጥንት ሰው የመንጋጋ አጥንትና እጅግ ብዙ የድንጋይ መሣሪያ ተገኘበት። ፖርክ ኤፒክ ይሉታል፤ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ኋላ በተደረገው ምርመራ ከዋሻው የወጣው ቀይ ቀለም የሚሰጥ ድንጋይ ብቻውን 40 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ ዕድሜውም ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል ተብሏል። በደቻቱ ዳር የሰው ልጅ ጭስ ያጨሰው ከባቡሩ በፊት ይህን ያህል ዘመን ቀድሞ ነው። በዛሬው ጊዜ አንዱ ሌላውን «መጤ» ብሎ ሲሰድብ በሰማን ቍጥር ይህ ዋሻ ትዝ ይለናል።

ከባቡሩ በፊት ሜዳው የዒሳና የጉርጉራ፣ የኖሌ ኦሮሞም የግጦሽ ምድር ነበር። ስሙንም በተመለከተ ኦሮሞው ዲሬ በቋንቋው ሜዳ ማለት መሆኑን ጠቅሶ ይተርካል፤ ሶማሌው ደግሞ የድር ጎሣ አባት ጦሩን የተከለበት ስፍራ ነው ይላል። እኛ በዚህ ክርክር ውስጥ አንገባም፤ ሁለቱም አተራረኮች ሜዳው ከኩባንያው በፊት ባለቤትና ስም እንደ ነበረው የሚመሰክሩ መሆናቸው ይበቃናል።

የንግዱ መንገድ በዚያን ጊዜ በሌላ በኩል ነበር። ከሐረር የሚወጣው ቡናና ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ጊልዴሳ ይወርዳል፤ ጊልዴሳ ላይ ጭነቱ ወደ ግመል ጀርባ ይዛወርና በረሓውን አቋርጦ ወደ ዘይላ ወደብ ይሄዳል። ጊልዴሳ በዚህ ሥራ የከበረች፣ ቀረጥ የሚቀረጥባት፣ የመንግሥት ሹም የሚቀመጥባት ከተማ ነበረች። ሹሟም አቶ መርሻ ናሁሠናይ ነበሩ። ኋላ ባቡሩ በሌላ በኩል ሲመጣ ነጋዴውም ቀረጡም ጊልዴሳን ትቶ ሄደ፤ አቶ መርሻም የአዲሲቱ ከተማ የመጀመሪያ ገዥ ሆኑ። እንግዲህ የድሬዳዋ የመጀመሪያ ስደተኛ ሹሙና ግምሩኩ ናቸው ብንል ስሕተት አይሆንብንም።

የባቡሩን ታሪክ ብዙዎች ስለ ጻፉት በአጭሩ እናልፈዋለን። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኖ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ ከተራራው ግርጌ ደረሰ። አሳቡ ወደ ሐረር ሊወጣ ነበር፤ ነገር ግን ገደሉ ብዙ ገንዘብ የሚበላ ሆኖ ስለ ተገኘ ሐረር ተተወችና በሜዳው ላይ አዲስ ጣቢያ ተሠራ። በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር፤ ስሙ ግን አልያዘም፤ የሜዳው ስም አሸነፈው። የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋር የተዋዋለው ውል ሥልጣናቸውን የሚነካ ሆኖ ስላገኙት ምኒልክ ተቈጥተው በምረቃው አልተገኙም። ኩባንያውም ወዲያው ገንዘብ አጥሮት ወደቀ፤ በ1900 ዓ.ም. በሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ባቡሩም አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ይህ መዘግየት ለኩባንያው ጕዳት ሲሆን ለድሬዳዋ ሲሳይ ሆነላት። ሐዲዱ ለብዙ ዓመታት በዚያ ቆሞ ስለ ቀረ፣ ከመሐል አገር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በበቅሎና በግመል እስከ ድሬዳዋ መጥቶ በዚያ ወደ ባቡር ይጫን ነበር፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣውም ጨርቅና ጨው፣ ቆርቆሮና ጠመንጃ በዚያ ወርዶ ወደ ግመል ይጫን ነበር። ጭነት በሚራገፍበት ስፍራ ሁሉ ተሸካሚ፣ ሚዛን ያዥ፣ አስተርጓሚ፣ ምግብ ሻጭ፣ ገንዘብ መንዛሪ ያስፈልጋል። ሰፋሪው የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ከዚራ እንሻገር። ስሙ ከዐረብኛው ጀዚራ፣ ማለት ደሴት፣ እንደ ወጣ ይነገራል። ኩባንያው በወንዙ ምዕራብ የጣቢያውን ቤት፣ ሎኮሞቲቭ የሚጠገንበትን ትልቁን ወርክሾፕና የሠራተኞቹን መኖሪያ ሠራ፤ ከጣቢያው አደባባይ የሚነሡ ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶችንም በመሐንዲስ ገመድ አስለክቶ አወጣ። በአገራችን ቤት ተሠርቶ መንገድ ከሚፈለግለት ይልቅ መንገድ ተለክቶ ቤት የተሠራባቸው ሰፈሮች በዚያን ዘመን ጥቂት ነበሩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጥላ የሚሆን ዛፍ ተተከለ። በአበባው ቀይነት የሚታወቀውንና በብዙ አገር «ድሬዳዋ ዛፍ» የምንለውን ተክል አንባቢ ያውቀዋል፤ የትውልድ ስፍራው ማዳጋስካር ነው። ይኸም ከውጭ መጥቶ በዚያ ስም አወጣ።

በከዚራ የሰፈሩት ፈረንሳውያን መሐንዲሶችና ጸሓፊዎች፣ ግሪኮች ሥራ ተቋራጮችና ባለ ሆቴሎች፣ አርመኖች የእጅ ባለሙያዎች፣ ጣሊያኖችና ሕንዶች ነበሩ። ከሕንዶቹ መካከል የመሐመድዓሊ የንግድ ቤት በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነበር። ሞንፍሬም በ1910ዎቹ ዓመታት በከተማው የዱቄት ወፍጮና የኤሌክትሪክ ማመንጫ አቋቁሞ ነበር፤ ሰውዬው በቀይ ባሕር ላይ ባደረገው የኮንትሮባንድ ጀብዱና በጻፋቸው መጻሕፍት ይበልጥ ይታወቃል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ጊዜ የመጣው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎም በ1923 ዓ.ም. ወደ ሐረር ሲሄድ በዚሁ አልፏል። እንደነዚህ ያሉት ብዕረኞች ያረፉት በከዚራ ሆቴል ስለ ሆነ የጻፉትም ስለ ከዚራ ነው፤ በመግቢያችን ያልነው መዛባት ከዚህ ይጀምራል።

ከዚራንና መጋላን የለያቸው አሸዋው ብቻ አልነበረም፤ ሕግም ለይቷቸዋል። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው፣ በክሎቡኮቭስኪ ስም በሚጠራው ውል መሠረት የውጭ አገር ዜጎችና በእነርሱ ጥበቃ ሥር የገቡ ሰዎች ነገር ሲገጥማቸው በቆንስላቸው ፊት፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲከራከሩም ቆንስሉ ከዳኛው ጋር ተቀምጦ ይታይላቸው ነበር። በዚህ የተነሣ አንድ ነጋዴ ወንዙን ተሻግሮ ዕዳ ቢገባ የሚጠየቅበት ሕግ እንደ ወረቀቱ ይለያይ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1899 የተመሠረተችው ናይሮቢም እንዲሁ የባቡር ልጅ ናት፤ በዚያም የነጩ ሰፈር፣ የሕንዱ ባዛርና የአፍሪካዊው መኖሪያ ተለያይተው ተሠርተዋል። ልዩነቱ ግን በናይሮቢ የለየው የቅኝ ገዥ መንግሥት መሆኑ ነው፤ በድሬዳዋ ኩባንያው የከዚራን መንገድ ሲለካ የመጋላ ሰው በወንዙ ማዶ እንደ ፈቃዱ ሰፈረ፤ ግምሩኩና ዳኝነቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ሆኖ ቀረ።

መጋላ በሶማሊኛም በኦሮምኛም ከተማ ወይም ገበያ ማለት ነው። በገመድ የለካው መሐንዲስ የለም። አንዱ አጥር ሲያጥር ሌላው ከአጥሩ ጋር ግድግዳውን አያይዞ ይሠራል፤ በመካከል የቀረችው ቀጭን መተላለፊያ መንገድ ትባላለች። ወደዚያ የመጡትን በየመጡበት መንገድ መቍጠር ይቻላል። ከባሕር ማዶ የየመን ዐረቦች መጡ፤ መርከብ ወደ ጅቡቲ፣ ባቡር ወደ ድሬዳዋ አደረሳቸው። አንዳንዱ በተሸካሚነት ጀምሮ ሱቅ ከፈተ። በአገራችን በየከተማው ትንሹን ሱቅ «ዐረብ ቤት» ስንል የኖርነው ከእነርሱ የተነሣ ነው። ከተራራው በላይ የሐረሪ ነጋዴዎች ቡናቸውንና ጨርቃቸውን ይዘው ወረዱ። ከደጋው የኦሮሞ ገበሬ ማሽላ፣ አትክልትና ጫት፣ ከቆላው የዒሳና የጉርጉራ ሰዎች ወተትና ቅቤ፣ ከሰልና ከብት ያመጣሉ፤ መጥተውም ሳይመለሱ የቀሩት ብዙ ናቸው። ከመሐል አገር ወታደርና ጸሓፊ፣ ኋላም የጉራጌ ነጋዴ ተጨመረ።

የቀፊራ ገበያ ቅስት ቅስት ባላቸው በሮቹ ይታወቃል። በዚያ ቆሞ ግማሽ ሰዓት ያዳመጠ ሰው አንድ ባለ ሱቅ ዋጋውን በሶማሊኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ሲከራከር፣ በዐረብኛ ሲምል፣ በዐማርኛ ሲጨርስ ይሰማል። እኛ ትምህርት ቤት ለዓመታት ተቀምጠን በሁለት ቋንቋ ስንደናቀፍ፣ በዚያ አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ሴት በአራቱ ስትሸጥ አይተን ተደንቀናል። ሙሸበኩ፣ ሐላዋው፣ ፉሉና ሳምቡሳው የዚሁ ሰፈር ሀብት ነው። የከዚራም ቋንቋ ወደ አገሩ ገብቷል፤ የፈረንሳዩን የባቡር ጣቢያ ስም ወስደን «ለገሃር» ብለናል፤ ሹፌርንና ጋራዥንም ያወረሰን ያው ቋንቋ ነው። የመጋላ ውርስ ግን በቃል ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ አንድ ሰው ከሌላው ጋር የሚኖርበትን ዘዴ ጭምር ነው፤ የድሬ ልጅ ሰውን ከየት መጣህ ሳይል ወንድሜ ብሎ ይጠራል የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለቱ ሰፈሮች የሚገናኙት በወንዙ ውስጥ ነበር። ወፍጮ ቤቱ፣ ወርክሾፑና ሆቴሉ በከዚራ ሲሆኑ፣ የሚሠራባቸው ሰው ግን በመጋላ ያድራል፤ ስለዚህ ማለዳና ማታ አሸዋው በእግረኛ ይሞላል። ድልድይ ቢሠራም ብዙው ሰው መንገድ ለማሳጠር በአሸዋው ያቋርጣል። አሸዋው ደግሞ የማንም ስላልሆነ የሁሉ ሆነ፤ ቀረጥ የሌለበት ገበያ፣ አጥር የሌለው ሜዳ፣ ግመል የሚያርፍበት በረት። ቤት ለሚሠራ ሰውም አሸዋው ከዚያው ይዛቅለታል።

ከዚህ በኋላ ዘመኑ ከዚራን በተራ በተራ አራገፋት። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ በድሬዳዋ አልፈዋል፤ በግንቦት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በኩል የመጣው የኢጣሊያ ጦርና ከደቡብ በኩል የመጣው በዚያ ተገናኙ። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች የመሐመድዓሊን ቤት ከአገር አባረሩት። ሲሚንቶ ፋብሪካው በዚሁ በጠላት ዘመን ተሠራ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ጦር ከተማይቱን ሲይዝ ጣሊያኖቹ በተራቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ግሪኩና አርመኑ፣ ፈረንሳዩና ዐረቡ ሱቁን ከፍቶ ሲኖር በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቍጥር 47 ወጣ። ቤቱንና ድርጅቱን ያጣ የውጭ ሰው ሻንጣውን ይዞ በዚያው ባቡር ወረደ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር እስከ ከተማይቱ ጠርዝ ደርሶ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ የቀረውም ከዚራ ባዕድ እጅግ ጥቂት ሆነ። መስኮቱ የእንጨት መከለያ ያለው፣ በረንዳው ሰፊ የሆነው ቤት የቀበሌ ቤት ተባለ፤ በአንዱ ግቢ ሦስትና አራት ቤተ ሰብ ገባበት።

የመጋላ ሰውስ ወዴት ይሂድ? የየመን ዐረቦች ብዙዎቹ ሄደዋል፤ ሆኖም ከአገሩ ልጆች ጋር ተጋብተው የወለዱ ስለ ነበሩ ከየቤቱ አንዱ ሲሄድ ሌላው ቀርቷል። ከዚራ የሰፈረው በኩባንያ ደመወዝና በቆንስል ወረቀት ስለ ነበረ ኩባንያውና ወረቀቱ ሲጠፉ ሰፈሩ ተፈታ፤ መጋላ የሰፈረው በዝምድናና በገበያ ስለ ነበረ ዝምድናውና ገበያው አላስለቀቀውም። የከተማ ታሪክ ጸሓፊ የመሐንዲሱን ካርታ ሲያደንቅ ይህን ባያልፈው እንወድ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ 341,834 ደርሶ ነበር። ቀደም ብሎ በ1996 ዓ.ም. ከተማይቱ በፌደራል መንግሥት ሥር ቻርተር ተሰጥቷት ነበር። ሕዝቡ ሲበዛ በመጋላም በከዚራም ቦታ ጠበበ። ዘግይቶ የመጣው፣ ከገጠር ድርቅ ያባረረው፣ ከጦርነት የሸሸው፣ ኪራይ ያልቻለው ሰው ማንም ከልክሎት ወደማያውቀው ስፍራ፣ ማለት ወደ አሸዋው ጫፍ ተጠጋ። በመጀመሪያ ጆንያ ዘረጋ፤ ቀጥሎ ዳስ ጣለ፤ ከዚያ ጭቃ ለጠፈ። ወንዙ ለብዙ ዓመታት ዝም ስላለው ዝምታውን ፈቃድ አድርጎ ቈጠረው። ከበላይ በተራራው ላይ ደግሞ ዛፉ ለከሰልና ለማገዶ ተቈርጦ፣ ቁልቁለቱ ታርሶ፣ ዝናቡን የሚይዘው ነገር እያነሰ ሄደ። ከሰሉን የሚገዛው የታችኛው ከተማ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ቀን ለ30 አጥቢያ ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ደቻቱን ሞልቶ መጣ። በመግቢያው እንዳልነው ውሃው የሚመጣው ከተራራው ስለ ሆነ በከተማው ያለ ሰው በራሱ ጣራ ላይ የሚወድቀውን ጠብታ አይቶ አደጋውን ሊገምት አይችልም። ጐርፉ ድንጋይና ግንድ፣ መኪናና ቤት እያንከባለለ የወንዙን ሁለት ዳር ጠረገ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ደብዛቸው ጠፋ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች መጠለያ አጥተው በድንኳንና በየአዳራሹ አደሩ። ሬሳ ከከተማው በታች በሜዳው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሲፈለግ ሰነበተ። ውሃው የከዚራንም የመጋላንም ዳር መታ፤ ሆኖም ከሁሉ ይልቅ የጐዳው ያን በመካከል የሰፈረውን ሰው ነው፤ ስሙ በከዚራም በመጋላም መዝገብ ያልተጻፈውን።

አንዳንድ ሰዎች «በወንዝ ውስጥ ቤት የሠራ ሰው ማንን ይከሳል?» ሲሉ ሰምተናል። ይህ ፍርድ የቸኰለ ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ወንዙን ገበያ፣ መንገድና ሜዳ ያደረገችው ከተማይቱ ራሷ ናት፤ ኋላ የመጣው እንግዳ የከተማውን ልማድ ነው የተከተለው። የፊተኞቹ እንግዶች ደረቅ መሬት ሲያገኙ ለኋለኛው የተረፈው ወንዙ ብቻ ነበር። በመሥሪያ ቤት የምናገለግል ሰዎችም ስንሆን፣ ቤት ተሠርቶ መብራት እስኪገባለት ዝም ብለን አይተን፣ ጐርፍ ሲወስደው «ሕገ ወጥ» ብለን መጻፋችን ለእኛም የሚያስመሰግነን አይደለም።

ከአደጋው በኋላ ለተፈናቀሉት ቤት ተሠራላቸው፤ በወንዙ ዳርና ዳርም ጐርፍ የሚከላከል የድንጋይ ግንብ ተገነባ። ግንቡ ጠቅሟል። ይሁንና በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጐርፍ እንደገና መጥቶ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ባቡሩ ደግሞ በበኩሉ ከተማውን ለቋል። አሮጌው አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ሥራውን ካቆመ በኋላ አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መሥመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ውጭ በሜዳ ላይ ሆነ። አሮጌው ጣቢያ ግንባሩ ላይ ያለውን የፈረንሳይኛ ጽሕፈት እንደ ያዘ በከዚራ አደባባይ ቆሟል፤ በወርክሾፑ ውስጥ ያረጁ ሎኮሞቲቮች ተደርድረዋል። ያመጣቸው ሐዲድ ሲያልፍ ሰፋሪዎቹ ቀርተዋል።

ባለፈው ጊዜ በዚያ ስናልፍ በጋ ነበር። በግንቡ ላይ ቆመን ወደ ታች ስናይ አሸዋው እንደ ቀድሞው በሰው ተሞልቷል። አንድ ጐልማሳ ከግንቡ ሥር አራት እንጨት ተክሎ ሸራ ይወጥር ነበር፤ አጠገቡ ትንሽ ልጅ በድንጋይ ካስማ ትመታለታለች። ከየት እንደ መጡ ልንጠይቃቸው አስበን ነበር፤ መኪናው ስለ ጠራን ሳንጠይቅ ሄድን።